መብራት የተንጠለጠለበት ሁሉ ቬንትሌተር አይሰቀልበትም

ለቆላ ከተማ መኝታ ቤት ከጣሪያ ቬንትሌተር የሚበልጥ ዕቃ አላውቅም። ድሬዳዋ ውስጥ ኮንዶሚኒየም የላይኛው ፎቅ ላይ በግንቦት ያደረ ሰው ይመሰክርልኛል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲጠጣ የዋለው ሶሌታ ማታ ሙቀቱን ወደ አልጋው ይመልሳል፤ መስኮት ቢከፈትም ቅጠል የሚያነቃንቅ ንፋስ የለም። እዚያ ክፍል መሀል ላይ የነበረውን መብራት አውርደው ቬንትሌተር ቢሰቅሉበት የሚፈጀው ከ50 እስከ 75 ዋት ነው፤ ድሮ እዚያው ቦታ ላይ ይበራ የነበረው ቢጫ አምፖል የሚወስደውን ያህል ማለት ነው።

የኤሌክትሪክ ቬንትሌተርን ጣሪያ ላይ የሰቀለው ፊሊፕ ዲል የተባለ ጀርመን ተወላጅ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ለሲንጀር የልብስ ስፌት መኪና የሠራውን ሞተር ወስዶ ክንፍ አበጀለት። ከራሳችን በላይ የሚዞረው ነገር የስፌት መኪና የሥጋ ዘመድ ነው።

አንድ ነገር በአጭሩ ላንሳ። ቬንትሌተር የሚያቀዘቅዘው ሰውን እንጂ ክፍሉን አይደለም። ላባችንን ቶሎ ያተናል፤ ሰውነታችን የሚቀዘቅዘውም በዚያ ነው። ሰው በሌለበት ክፍል የሚዞር ቬንትሌተር የሞተሩን ሙቀት ለአየሩ ከመጨመር በቀር የሚሠራው የለም፤ ስለዚህ ስትወጡ አጥፉት። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደግሞ የሚነፍሰው አየር ራሱ ሰውነትን ስለሚያሞቅ የዓለም ጤና ድርጅት በቬንትሌተር አትታመኑ ይላል። ትንኝም ደካማ በራሪ ናትና ንፋሱ ያስቸግራታል፤ አጎበሩን ግን አይተካም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ መንጠቆው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ድሬዳዋ አክስቴ ዘንድ ሰነበትኩ። መኝታ ቤቷ ላይ አዲስ ቬንትሌተር ተሰቅሏል። ጠዋት አልጋዋን ስታነጥፍ አንሶላውን በመዳፏ ዳበሰችና አሳየችኝ፤ እንደ ዱቄት የላመ ነጭ አቧራ። «ልጄ፣ ይሄ አቧራ በየቀኑ ከየት ነው የሚመጣው? መስኮቱን ዘግቼ ነው የማድረው» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳይ የቬንትሌተሩ ቆብ ከጣሪያው ጣት የምታሾልክ ክፍተት ፈጥሯል። መብራቱን ሲይዝ በነበረው ፕላስቲክ ፊሸር ላይ ነው የታሰረው። ፊሸሩ በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት እያለ እየወጣ፣ የልስኑን ብናኝ ከታች በተኛችው ሴት ላይ ሲያራግፍ ነበር። የሰቀለው ልጅ ተጠርቶ ሲመጣ «እትዬ፣ መብራቱ እዚያው ላይ ስንት ዓመት ተንጠልጥሎ የለ?» አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነው።

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። መብራት ይንጠለጠላል፤ ቬንትሌተር ይሠራል። አራት ወይም አምስት ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በደቂቃ 300 ጊዜ ቢዞር በሰዓት 18,000፣ በስምንት ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ደግሞ 144,000 ዙር ነው። ክንፎቹ በክብደት ፍጹም እኩል አይሆኑም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር መንጠቆውን በትንሹ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ይጠመዝዘዋል። ኪሎውን ብቻ የሚያሰላ ሰው ይህን መነቅነቅ ከሒሳቡ አውጥቶታል።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። የብዙዎቹ ሶሌታ ወጥ ኮንክሪት አይደለም። ቀጫጭን የኮንክሪት ቢሞች ተራርቀው ይደረደራሉ፤ በመካከላቸው ውስጣቸው ባዶ የሆነ ብሎኬቶች ይገባሉ፤ ከላይ ስስ ኮንክሪት ይፈስሳል። ከታች ሲለሰን ሁሉም አንድ ይመስላል። የመብራት ቦታ የሚመረጠው ለክፍሉ መሀልነቱ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ባዶው ብሎኬት ሥር ነው። የብሎኬቱ ከንፈር መብራት ይችላል፤ በየሌሊቱ 144,000 ጊዜ የሚነቀንቅን ነገር ግን አይችልም።

እንዲህ ያለውን የአክስቴን ጣሪያ ያስተካከሉት አንድ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። መሰላል ላይ ወጥተው ጣሪያውን በመዶሻ እጀታ እያንኳኩ ጆሯቸውን ሰጡት። ብሎኬቱ እንደ ከበሮ ይጮኻል፤ ቢሙ ድምፁን ይውጠዋል። ድምፁ የተዋጠበትን መስመር በእርሳስ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አሰመሩት። ከድሮው የመብራት ቦታ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ተገኘ። አክስቴ መሀል ላይ ባለመሆኑ ቅር አላት። «እትዬ፣ ዓይን ይለምደዋል፤ ራስ ግን መመታትን አይለምድም» አሏት። ድሪሉ ፌሮ ሲነካባቸው ሳይታገሉ ቦታ ቀየሩ፤ ቢሙን የያዘው ያ ፌሮ ነውና። ሲጠብቅ ኮንክሪቱን ከውስጥ የሚነክስ የብረት ቡሎን አስገብተው ከነሮንዴላው መንጠቆውን አሰሩ።

ቀጥሎ ያደረጉትን ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም፤ ሁሉም ቢያደርገው ግን ደስ ይለኛል። 50 ኪሎ የሆነ አንድ ሙሉ ከረጢት ሲሚንቶ በገመድ አስረው፣ ከወለሉ ስንዝር ከፍ አድርገው መንጠቆው ላይ ሰቀሉት። አልጋው ወደ ጎን ተገፋ፤ አክስቴም ሳሎን ተኛች። ሲሚንቶው መኝታ ቤቱ ውስጥ ብቻውን አደረ። ሲነጋ ከወለሉ ያለው ርቀት ያው ስንዝር ነበር። ያን ጊዜ ነው ቬንትሌተሩ የተሰቀለው። ሲሚንቶ ግን አይነቀንቅምና ከወር በኋላ ተመልሰው መጥተው ዳዶዎቹን አጠበቁ።

የቀረው ቀላል ነው። ሥራ ሲጀመር ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር አውርዱ። አንዳንድ ቤት ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው ፌዙን ሳይሆን ኒውትራሉን ነው፤ መብራቱ ጠፍቶም ሽቦው ይገድላል፤ በቴስተር ሳታረጋግጡ አትንኩ። ክንፉ ከወለሉ ቢያንስ 2 ሜትር ከ10 ይራቅ። ተደራራቢ አልጋ ያለበት የልጆች ክፍል ውስጥ ቬንትሌተር የሚሰቅል ወላጅን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ እባካችሁ፣ ላይኛው አልጋ ላይ የሚቆመው ልጅ ነው። የአምፖል ማደብዘዣንም ለፍጥነት መቆጣጠሪያ አታድርጉት፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይግላል። ቬንትሌተሩ ድንገት በቀስታ መዞር ከጀመረም ሞተሩ ተቃጠለ ብላችሁ አትጣሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀው ካፓሲተሩ ነው፤ በርካሽ ይቀየራል።

መብራቱስ የት ይሂድ? ከክንፉ በላይ ከቀረ ብርሃኑ እየተቆራረጠ ዓይን ያደክማል። ወደ ግድግዳ ውሰዱት፤ ለመኝታ ቤት ከጣሪያ ይልቅ የሚስማማውም እሱ ነው።

አሜሪካ ያላችሁም አትዘናጉ። የአገሩ የኤሌክትሪክ ደንብ ቬንትሌተር የሚሰቀልበት የጣሪያ ሳጥን ለዚያው የተፈተነና ምልክት ያለበት እንዲሆን ያዝዛል። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩን አስፈቅዱና ሳጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ደንቡም ሆነ የእኛ ሽማግሌ የሲሚንቶ ከረጢት የሚጠይቁት ያንኑ ነው፤ የሚሸከመው ምንድን ነው?

ሠራተኛው ከጨረሱ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ጠዋት አክስቴ አልጋዋን ከማንጠፏ በፊት አንሶላውን በመዳፏ ከራስጌ እስከ ግርጌ ዳበሰችው። መዳፏን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችና አየችው። ምንም አልነበረበትም።