«ዌል-ፋውንድድ»፦ ሳናውቃት የምትወስንብን ቃል

እዚህ ካምፕ ውስጥ «ኢንተርቪው»ና «ሪሴትልመንት» የማይል ሕፃን እንኳ የለም። «ዌል-ፋውንድድ» የምትባለዋን ቅጽል ግን ብዙዎቻችን ሳናውቃት ትወስንብናለች። የ1951 (እ.ኤ.አ.) የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 1 ስደተኛ የሚለው፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድን አባልነቱ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ እሳደዳለሁ የሚል «ዌል-ፋውንድድ» ፍርሃት ስላለው ከአገሩ ወጥቶ የአገሩን ጥበቃ ማግኘት ያልቻለን ወይም ያልፈለገን ሰው ነው።

ቃሏን እንፍታት። እንግሊዝኛ ሁለት «ፋውንድ» አለው። አንዱ የ«ፋይንድ» ኀላፊ ጊዜ ሲሆን «አገኘ» ማለት ነው። ሌላው ራሱን የቻለ ግስ ነው፤ «መሠረተ» ማለት ነው፤ ኀላፊ ጊዜው «ፋውንድድ» ይሆናል። የኛዋ ቅጽል ከዚህ ከሁለተኛው ነው የመጣችው። «ዌል»ም እዚህ ላይ የውሃ ጉድጓድ ሳይሆን «በደንብ» ነው። ስለዚህ «በደንብ የተመሠረተ»፣ በተለመደው አማርኛ «በቂ ምክንያት ያለው» እንላለን። ተቃራኒዋ «አንፋውንድድ» ናት። እኛም «መሠረተ ቢስ ወሬ» እንል የለ? ሐሳቡ አንድ ነው።

ብዙ ሰው ግን «ከባድ ፍርሃት» ማለት ይመስለዋል። አይደለም! ቃሏ የፍርሃቱን መጠን ሳይሆን የቆመበትን ነገር ነው የምትጠይቀው። ዩ ኤን ኤች ሲ አር በ1979 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው መመሪያ ሁለት ነገር አብሮ ያያል፤ በልብ ያለውን ፍርሃትና ከውጭ ያለውን እውነታ። እንግዲህ «በጣም እፈራለሁ» እያሉ መደጋገም ብቻውን አይበቃም። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን የሚለው መነገር አለበት።

የግድ ተይዞ ወይም ተደብድቦ መምጣትም አያስፈልግም። ሳይያዝ ያመለጠ ሰው፣ ወንድሙ ወይም መሰሎቹ የደረሰባቸው ነገር ለሱም መሠረት ሊሆነው ይችላል። ሰው ሲሸሽ ወረቀቱን ሁሉ ይዞ እንደማይወጣም መመሪያው ያውቃል። ዋናው ጥያቄ «ብትመለስ ምን ይደርስብሃል?» የሚለው ነው።

የ1969 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ደግሞ የውጭ ወረራን ወይም ጸጥታን ክፉኛ የሚያናጋ ሁኔታን ሸሽቶ የወጣውንም ስደተኛ ይለዋል። በዚያኛው ፍቺ ይቺ ቅጽል የለችም።

ኢንተርቪው ያላችሁ ወገኖች፣ አስተርጓሚው «ከባድ ፍርሃት» ካላችሁ «በቂ ምክንያት ያለው ማለትዎ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሰው ታሪክ አትዋሱ፤ የተዋሱት ድንጋይ የራስን ቤት ያፈርሳል። የማታስታውሱትን ቀን «አላስታውስም» በሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።