ያለቀሰ ሁሉ አይድንም፦ የታሮት ካርታ፣ ማስታወሻ ደብተርና የተሳሳቱ እምነቶች

«ካላመመ አልሠራም ማለት ነው።» ታሮት ወይም ኦራክል የሚባሉትን ባለሥዕል የጥንቆላ ካርታዎች እየመዘዙ፣ ማስታወሻ እየጻፉ ራስን መመርመር በአሜሪካና በአውሮፓ ከተዛመተ ወዲህ በየቪዲዮው የሚሰማው ምክር ይኸው ነው። ተከታዩ ማታ ማታ ካርታ ይመዛል፤ የወጣው ሥዕል የትኛውን የልጅነት ቁስል እንደሚነካ ይጠይቃል፤ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ይጽፋል። ካልመጣ ሌላ ካርታ ይመዘዛል። ልማዱ «ሻዶው ወርክ» (የጥላ ሥራ) ይባላል፤ ከስዊዘርላንዳዊው የአእምሮ ሐኪም ከካርል ዩንግ የ«ጥላ» ሐሳብ፣ ማለትም ሰው ከራሱ ከሚደብቀው የማንነቱ ክፍል፣ የተቀዳ ነው። በ2023 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ አንድ ደብተር በቲክቶክ አማካይነት በመቶ ሺዎች ተቸብችቧል።

እምነቱ ከሜዳ አልተነሣም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የእኛው ብሂል ያው ነው። ሳይንሱም ቢሆን መነሻ ሰጥቶታል። በ1986 ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለብቻቸው ክፍል እያስገቡ በተከታታይ 4 ቀን፣ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ አስጻፏቸው። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ጉዳይ፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰባቸው ከባድ ነገር ጻፉ። ስለደረሰባቸው ጉዳትና ስለተሰማቸው ስሜት አንድ ላይ የጻፉት፣ እንደጨረሱ ከፍቷቸው ነበር፤ የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሏል። በቀጣዮቹ 6 ወራት ግን ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ይልቅ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ የሄዱት ጥቂት ጊዜ ነው።

ነገሩን ያበላሹት ከዚህ ጥናት «ከፍቷቸው ነበር» የምትለዋን ብቻ ይዘው የሮጡት ናቸው። 4 ቀን የነበረው ወራት ሆነ፤ 15 ደቂቃው እኩለ ሌሊት ድረስ ተለጠጠ፤ ሕመሙ ራሱ የመዳን ምልክት ተደረገ። ፔንቤከር ግን ግልጽ መመሪያ ነበረው፦ አንድን ነገር መጻፍ ከአቅም በላይ እንደሚሆን ከተሰማ ይቅር፣ ሌላ ርዕስ ይያዝ። ይህን የሚናገር ቪዲዮ ብዙ አያጋጥምም። «ተወው» የሚል ምክር ተመልካች አያመጣማ!

ጥቅሙም የሚወራለትን ያህል አይደለም። ተመራማሪዋ ጆአን ፍራታሮሊ በ2006 የ146 ጥናቶችን ውጤት አሰባስባ ስትመዝን፣ ስሜትን መጻፍ ይጠቅማል፣ በአማካይ ግን ጥቅሙ ትንሽ ነው የሚል መልስ አገኘች። ለአንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ይጎዳል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዴቪድ ስባራና ባልደረቦቹ በ2013 ያሳተሙት ጥናት በቅርቡ ከትዳር አጋራቸው የተለያዩ ሰዎችን የተከታተለ ነበር። «ለምን እንዲህ ሆነ?» እያሉ ትርጉም ፍለጋ ሲብሰለሰሉ ከነበሩት መካከል ውስጣቸውን ገልብጠው የጻፉት፣ ከወራት በኋላ ሲታዩ የቀን ውሏቸውን ብቻ ከመዘገቡት የባሰ ሁኔታ ላይ ተገኙ። እንዲህ ያለ ሰው ማታ ማታ ቁስል ፍለጋ ካርታ ሲመዝ ለመብሰልሰሉ ማገዶ እያቀበለ ነው። ኀዘኑ ትኩስ ለሆነ፣ እንቅልፍ ላጣ፣ ያለፈ ጥቃት ድንገት እየመጣ ለሚያስጨንቀው ሰው የሚያስፈልገው ባለሙያ እንጂ ሌላ የጽሑፍ ጥያቄ አይደለም።

ለስለስ ያለው መንገድ ሌላ ነው። በ1909 ለንደን ውስጥ የታተመውንና ሥዕሎቹን ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ የሣለቻቸውን የታወቀ ካርታ እንውሰድ። «አራት ዋንጫ» በተባለው ላይ አንድ ወጣት እጆቹን አጣምሮ ከዛፍ ሥር ተቀምጧል። ከፊቱ 3 ዋንጫዎች ቆመዋል፤ ከደመና የወጣ እጅ አራተኛውን ይዘረጋለታል፤ እሱ ግን እጁን አልዘረጋም። በእርጋታ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚያየውን ብቻ ያሰፍራል። ልጁ አኩርፎ ነው? ደክሞት ነው? ወይስ የጠገበ ነው? ከዚያ «እኔስ ሰሞኑን ምን ተዘርግቶልኝ ሳላየው አለፍኩ?» ብሎ ሁለት ሦስት መስመር ያክልና ደብተሩን ይዘጋል። ሥዕሉ ላይ ስላለው ሰው መጻፍ ከራስ ጉዳይ ትንሽ ፈቀቅ ያደርጋል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹም የራስን ችግር እንደ ውጭ ተመልካች ማየት መብሰልሰልን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ካርታው የሚጠቅመው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከጋዜጣ የተቆረጠ ፎቶም ያንኑ ሊሠራ ይችል ይሆናል።

የቀሩት እምነቶች ይህን ያህል አያደክሙም።

«ካርታው ልቤን ያውቃል» ይባላል። ስኒ ተገልብጦ ሲነበብለት ያደገ አንባቢ ስሜቱን ያውቀዋል። ግን በ1948 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ በርትራም ፎረር ለ39 ተማሪዎቹ «የየራሳችሁ የባሕርይ ትንታኔ» ብሎ ጽሑፍ አደላቸው፤ ከ5 ነጥብ በአማካይ 4.26 ሰጡት። የሁሉም ወረቀት ግን አንድ ዓይነት ነበር፤ አብዛኛውን ዐረፍተ ነገር የለቀመው ከመንገድ ዳር የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

«ሞት» የተባለው ካርታ ሲወጣ ሞትን ያመጣል የሚለውን ሒሳብ ይመልሰዋል። ካርታዎቹ 78 ናቸው፤ በቀን አንድ የሚመዝ ሰው ሞት በዓመት በአማካይ 4 ወይም 5 ጊዜ ይወጣበታል።

ታሮት የጥንት ግብፅ ጥበብ ነው የሚለው ወሬ ደግሞ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ኩር ደ ጄብለን በ1781 ያናፈሰው ነው። የቋንቋ ሊቁ ሻምፖልዮን የጥንት ግብፅን ጽሑፍ የፈታው በ1822 ስለሆነ፣ ጄብለን ግብፅኛ አንብቦ ሊያረጋግጥ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ኢጣሊያ የተጀመረ ጨዋታ ነው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ዛሬም ይጫወቱታል።

ካርታው በስጦታ እንጂ በግዢ ከመጣ አይሠራም የሚሉም አሉ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለጥንቆላ ብቻ የታሰበ የታሮት ካርታ ያወጣው ኤቴይላ ይህን ቢሰማ ይደነግጥ ነበር፤ እሱ ካርታውን ያቀረበው ለሽያጭ ነው።