ያውቁ ኖሯል? «የሚቀጥለው ማክሰኞ» የትኛው ነው?

«ኔክስት ቱስደይ» ሲባል እንግሊዞቹ ራሳቸው እንደማይግባቡ ያውቁ ኖሯል? ዛሬ እሑድ ነው እንበል። አንዱ ከነገ ወዲያ ያለውን ማክሰኞ ይይዛል፤ ሌላው «እሱማ ዚስ ቱስደይ ነው» ብሎ ሳምንት ያሻግረዋል። ከወልድያ መርሳ የተቀጠረ ሰው ይህን ከተሳሳተ 30 ኪሎ ሜትር ግድም ሄዶ እንዲሁ ይመለሳል።

የእኛው «በሚቀጥለው ማክሰኞ»ም ከዚህ ጣጣ አላመለጠም። «የፊታችን ማክሰኞ» ካሉ ግን ቅርቡ ነው፤ ሩቁን ከፈለጉ «የፊታችን ማክሰኞ ሳምንት» ይበሉ።

ማክሰኞ ስሙ ራሱ «ቀጣይ» ማለት ነው ቢባልስ? ከሰኞ ማግስት የመጣ ስም ነውና!

እንግሊዝኛ ለከነገ ወዲያ «ኦቨርሞሮው» የሚል አንድ ቃል ነበረው፤ በ1535 እ.ኤ.አ. በታተመው የከቨርዴል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይገኛል። ዛሬ የሚናገረው የለም። እኛ ለዓመቱ እንኳ ዘንድሮ፣ አምና፣ ካቻምና፣ ከርሞ አለን።

ሁለት ሳምንትን እንግሊዝ «ፎርትናይት» ይለዋል፤ አሥራ አራት ሌሊት ማለት ነው። እኛ ዛሬንም ስለምንቆጥር «የዛሬ አሥራ አምስት ቀን» እንላለን። የምንደርሰው እዚያው ቀን ላይ ነው። ሳምንትም ከስምንት ጋር ሥሩ አንድ ነው።

«ማክሰኞ እኩለ ሌሊት» ማክሰኞ ሲገባ ነው ሲወጣ? «ለማክሰኞ አጥቢያ» ካሉ ክርክሩ ያልቃል። ሐሙስ ማታ የጁምአ ሌሊት የሚባለውም በእስልምና ቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚጀምር ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ይኼ ነው። «የረቡዕ ስብሰባ በሁለት ቀን ወደፊት ተገፍቷል» ተብሎ ለሰዎች በእንግሊዝኛ ሲነገራቸው ገሚሶቹ ሰኞ፣ ገሚሶቹ ዓርብ ይላሉ። ሌራ ቦሮዲትስኪና ማይክል ራምስካር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከአውሮፕላን የወረዱ መንገደኞች ሰው ሊቀበሉ ከቆሙት ይልቅ ወደ ዓርብ አድልተዋል። በአማርኛማ «በፊት» ያለፈው፣ «ወደፊት» የሚመጣው፤ «በኋላ» የሚመጣው፣ «ወደኋላ» ያለፈው! ፊታችን ወዴት እንደሆነ እንጃ።

የባቲ ገበያ ሰኞ፣ የላሊበላ ቅዳሜ ነው፤ ገበያተኛ በዚህ አይሳሳትም። እርስዎ ግን ቀጠሮ ሲይዙ «ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018» ብለው ይጻፉ። ለፈረንጅ ከሆነ ኦክቶበር 14 ነው።