ዘይቱ የሚገባው ከወጣ በኋላ ነው

ሊጥ የተነከረች የፖም ቁራጭ የጋለ ዘይት ውስጥ ስትገባ የምትንጫጫው ዘይቱ ስላቃጠላት ብቻ አይደለም። የሚጮኸው ውሃው ነው። ከፖም ክብደት 85 በመቶ ያህሉ ውሃ ሲሆን ሊጡም የራሱ አለው። ይህ ውሃ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ዘይት ሲያገኘው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋል። ዙሪያዋን የሚከባት አረፋ እሱ ነው።

ይህ ድምፅ በሃኑካ ሰሞን ከብዙ የአይሁድ ቤቶች ይሰማል። በአይሁድ አቆጣጠር ከኪስሌቭ ወር 25 ጀምሮ ለስምንት ቀን የሚከበረው በዓል፣ ማካቢዎች የተባሉ የአይሁድ ተዋጊዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ አስመልሰው እንደገና የቀደሱበት መታሰቢያ ነው። (የእኛው መጽሐፈ መቃብያን በስም ቢመስልም ይህን ታሪክ አይተርክም። ቤተ እስራኤልም ኢትዮጵያ ሳሉ ሃኑካን አያከብሩም ነበር፤ የለመዱት እስራኤል ከገቡ ወዲህ ነው።) ታልሙድ እንደሚለው ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ዘይት ስምንት ቀን በራ፤ ስለዚህ በበዓሉ በዘይት የተጠበሰ ይበላል። እስራኤል ውስጥ የገነነው በማርማላታ የተሞላው ሱፍጋኒያ ነው፤ ከቦምቦሊኖ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እኔ ግን ፖሙን አስበልጣለሁ። ሱፍጋኒያ እርሾና ትዕግስት ይፈልጋል፤ ፖም ተልጦ፣ በክብ ተቆርጦ፣ ሊጥ ነክቶ ድስት ይገባል።

የአይሁድ ሕግ ሥጋና ወተትን አያቀላቅልም። ከሥጋ ራት በኋላ የሚቀርበው ጣፋጭ ወተትም ቅቤም የሌለበት፣ እነሱ ፓርቬ የሚሉት መሆን አለበት። የጾም ማለት ግን አይደለም፤ እንቁላል ይገባበታል። ወተት ሲቀር፣ ሊጡን ቶሎ የሚያቀላው የወተት ስኳርና ፕሮቲንም አብሮ ይቀራል። ስለዚህ ፉርኖ ዱቄቱ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ይጨመርና በቀዝቃዛ አምቦ ውሃ ይበጠበጣል። ጋዙ ሊጡን ቀለል ያደርገዋል። ትንሽ የጓጎለ ቢቀርበትም ተዉት፤ ብዙ ከተማሰለ ግሉተኑ ይጠነክርና ቅርፊቱ እንደ ጎማ ይሆናል። ፖሙን አስቀድሞ በስኳር ማሸት ደግሞ ትርፉ ኪሳራ ነው፤ ስኳር ውሃውን ከውስጥ ይስበዋል፣ በረጠበ ፊት ላይ ደግሞ ሊጥ አይጣበቅም።

አሁን ወደ ድስቱ እንመለስ። ብዙ ሰው ጥብስ ዘይት የሚጠጣው ዘይት ውስጥ ሳለ ይመስለዋል። እንፋሎቱ እየገፋ እስከወጣ ድረስ ግን ዘይቱ የሚገባበት መንገድ አያገኝም። ነገሩ የሚገለበጠው በጭልፋ ሲወጣ ነው። ቅርፊቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የነበረው እንፋሎት ተመልሶ ውሃ ይሆናል፤ ውስጡ ያለው ግፊት ይወርድና ላዩ ላይ የቀረውን ዘይት፣ ሲሪንጅ መድኃኒት እንደሚስብ፣ ወደ ውስጥ ይስበዋል። አብዛኛው ዘይት የሚገባው በዚያች አጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ ቁራጩ እንደወጣ ድስቱ አፍ ላይ ይራገፍ፤ ሳይውል ሳያድር ሁለቱም ፊቱ በወረቀት ይጠረግ። ከዚያ ሽቦ ላይ ይቀመጥ እንጂ አይደራረብ፤ ከተደራረበ ከሥሩ የሚወጣው እንፋሎት ቅርፊቱን ያለሰልሰዋል።

ሙቀት መለኪያ የሌለው ሰው የደረቀ የእንጨት ማንኪያ እጀታ ዘይቱ ውስጥ ያስገባ። እንጨቱ ውስጥ የቀረችው ርጥበት ፈልታ በዙሪያው አረፋ ካወጣች ዘይቱ ደርሷል። ድስቱን በአንድ ጊዜ መሙላት ግን ሙቀቱን ያወርደዋል፤ ቅርፊቱ ሳይጠነክር ሊጡ ዘይት ውስጥ ይቆያል፣ ሲወጣም ቅባት ያዘለ ይሆናል።

አዲስ አበባ ላይ ለሚጠብስ አንድ ነገር ይጨመራል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የፖሙ ውስጥ የሚበስለው ቀስ ብሎ ነው። ዘይቱን አሥር ዲግሪ ያህል ዝቅ ካላደረጉት ፖሙ ሳይለሰልስ ውጪው ይጠቁራል።

ላዩ ላይ የሚነሰነሰው የደቀቀ ስኳር ጠረጴዛ ላይ ይጠብቅ። ትኩስ ላይ ከተነሰነሰ ከፖሙ በሚወጣው እንፋሎት ይቀልጥና እንግዶቹ ሳያዩት ይጠፋል።