ካሌ ላይ የከረሙት

ሰማዩ በጠራ ቀን ከካሌ ዳርቻ ቆሞ ማዶ የሚያይ ሰው የእንግሊዝን ነጫጭ ገደሎች በዓይኑ ያያቸዋል። በመካከል ያለው ባሕር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካሌ በሰሜን ፈረንሳይ ያለች፣ 70 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ በዳንቴል ሥራ ስሟ የተጠራ የወደብ ከተማ ናት። በማዘጋጃ ቤቷ ፊት ቀራጺው ሮዳን የሠራው ሐውልት ቆሟል፤ በ1347 ከተማቸው በእንግሊዝ ጦር ተከብባ በረሃብ ስታልቅ፣ ሕዝቡን ለማስማር አንገታቸው ላይ ገመድ አጥልቀው ለእንግሊዙ ንጉሥ የቀረቡትን ስድስት ነዋሪዎች ያሳያል። («በእኛ» ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህች ከተማ ዳርቻ ኢትዮጵያውያን ሲኖሩ ዓመታት አልፈዋል። አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካል እንጂ ቦታው ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሆኖም እኛም አገር ቤት ያለነው፣ የፈረንሳይ መንግሥትም፣ ካሌን መሻገሪያ ብቻ አድርገን ስለምናስባት እዚያ የሚኖረውን ሰው ነዋሪ ብለን ቆጥረነው አናውቅም። ብዙው መከራ የሚመጣው ከዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጎጃሟ ሽንዲ ሆኖ ለሚያስበው አንባቢ መንገዱ ሩቅ ቢመስልም መነሻው የታወቀ ነው። የወንበርማና የቡሬ ወጣት ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ወደ ሑመራ መውረዱ የቆየ ነው። መተማ ላይ የቀን ሥራው መንገድ ያበቃና የደላላው መንገድ ይጀምራል፤ ካርቱም፣ የሊቢያ በረሃ፣ ሜዲትራኒያን፣ ጣሊያን፣ ከዚያ በባቡር ወደ ሰሜን። በ2020 የፈነዳው የሰሜኑ ጦርነት፣ ከዚያም ከ2023 ጀምሮ በራሳችን በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ የሚሰደደውን ሰው ምክንያት አብዝተውታል።

ካሌ የስደተኛ ከተማ የሆነችው በአንድ ጀምበር አይደለም። ከባሕሩ ሥር የተቆፈረው የባቡር ዋሻ በ1994 ተከፈተ። ከኮሶቮ ጦርነት በኋላ ሰዉ መንገድ ላይ ማደር ሲያበዛ ቀይ መስቀል በ1999 በአጠገቧ በምትገኘው ሳንጋት መጠለያ ከፈተ፤ ቤቱ ለዋሻው ግንባታ ያገለግል የነበረ ሰፊ መጋዘን ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰው አለፈበት። በ2002 መጨረሻ ተዘጋ። በየካቲት 2003 የፈረንሳይና የእንግሊዝ መንግሥታት ለቱኬ በተባለች ሌላ የባሕር ዳር መዝናኛ ከተማ ስምምነት ፈረሙ፤ የእንግሊዝ የድንበር ፍተሻ በፈረንሳይ ምድር ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ የእንግሊዝ በር ያለው ካሌ ላይ ነው። በሩ የተዘጋበት ሰውም የሚቀረው ካሌ ላይ ነው።

በ2015 የጸደይ ወራት ፖሊስ በከተማው ውስጥ ያሉትን መጠለያዎች አስለቅቆ ሰዉን ሁሉ ወደ አንድ አሸዋማ ሜዳ ሰበሰበው። ቦታው ቀድሞ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ፣ ከኬሚካል ፋብሪካዎች ጋር የሚጎራበት ነው። ከጎኑ ዡል ፌሪ የሚባል፣ ድሮ የሕፃናት መዝናኛ የነበረ ማእከል በቀን አንድ ጊዜ ምግብ ይሰጥ፣ ሻወር ያስወስድ፣ ስልክ ቻርጅ ያስደርግ፣ ሌሊት ሴቶችንና ሕፃናትን ያሳድር ነበር። ሰፈሩ ጃንግል ተባለ። አፍጋኖች ምግብ ቤት ከፈቱ፤ ሱዳኖች፣ ኩርዶች፣ ኤርትራውያንና የእኛዎቹ በየጎሣቸው ሰፈሩ። ከእኛዎቹ ብዙዎቹ በአገር ቤት ተቃውሞ ሰበብ የሸሹ የኦሮሞ ወጣቶች ነበሩ።

በዚያ ሰፈር ውስጥ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ምእመናን በእንጨት ማገርና በላስቲክ ሸራ የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ጣሪያው ላይ መስቀል ቆመ፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ በሸራው ግድግዳ ላይ ሥዕላት ተሰቀሉ። ጫማ ተወልቆ ይገባል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ወንዶቹ በልግስና የተሰጣቸውን ጃኬት እንደለበሱ በግንባራቸው ይሰግዳሉ። የሁለቱ አገር መንግሥታት በባድመ ተፋጠው በነበሩበት በዚያ ዘመን አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪው በአንድ ሸራ ሥር ቆሞ ይጸልይ ነበር። ይህን አሳንሼ ማየት አልችልም። ቢቢሲ በነሐሴ 2015 የእሑድ የመዝሙር ፕሮግራሙን ከዚያ ሲያስተላልፍ በእንግሊዝ ብዙ ክርክር ተነሣ። ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነበር። በየቀኑ የሚታደለውን ምግብ ወረፋ ይዞ የሚጠብቅ ሰው ጾሙን አልተወም፤ የሚበላውን መምረጥ ባይችልም የማይበላበትን ቀን ራሱ መረጠ። ሰው በእንዲህ ያለ ቦታ ቀኑን የሚያውቀው በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

በጥር 2016 መንግሥት በዚያው ሜዳ 1,500 ሰው የሚይዙ 125 ኮንቴይነሮች ተከለ፤ የሚገባው ሰው እጁን በማሽን እያስነበበ ነው። ብዙዎች አሻራችን ይወሰዳል ብለው ፈርተው ድንኳናቸውን መረጡ። የካቲት 1 ቀን ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ያለውን ለማጽዳት በሚል አንድ የወንጌላውያን ጸሎት ቤትና አንድ መስጊድ በዶዘር ፈረሱ። ከዚያ የሰፈሩ ደቡባዊ ክፍል ፈረሰ። ጥቅምት 24 ቀን 2016 አውቶቡሶች መጡና ከ6,000 በላይ ሰው በመላ ፈረንሳይ ወደሚገኙ ማረፊያዎች ተበተነ። ቀኑ በእኛ ጥቅምት 14፣ የአቡነ አረጋዊ ዕለት ነበር። በወደቡ መንገድ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ አራት ሜትር የሚቆም ግንብ በዚያው ዓመት ተሠራ።

ሰዉ ግን ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው መመሪያ እንደገና ሰፈር እንዳይበቅል ማድረግ ነው፤ የካሌን የዕለት ኑሮ የሚወስነውም እስከ ዛሬ ይኸው ነው። አድማ በታኝ ፖሊስ በየ48 ሰዓቱ ገደማ ማለዳ ይመጣል። ሰዉ ድንኳኑንና ብርድ ልብሱን እየጎተተ ከሜዳው ወጥቶ አስፋልት ዳር ይቆማል፤ ፖሊስ ሲሄድ ጎትቶ ይመልሳል። ያልደረሰበት ሰው ንብረቱ ተጭኖ ይወሰዳል፤ ወረቀቱና መድኃኒቱ አብሮ የሚሄድበት ጊዜ አለ። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2017 እና በ2021 ባወጣቸው ሪፖርቶች ይህን ዘርዝሮ ጽፎታል። ውሃ እንኳ በፍርድ ቤት ነው የተገኘው፤ በሐምሌ 2017 የፈረንሳይ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት የውሃ ቧንቧ፣ ሽንት ቤትና ሻወር እንዲዘጋጅ አዘዘ። በ2020 ደግሞ መንግሥት ያልፈቀደላቸው ማኅበራት በመሐል ከተማ ምግብ እንዳያድሉ ታገደ።

ስለዚህ አንድ ቀን ካሌ ላይ እንዲህ ያልቃል፦ ማለዳ ድንኳን መጎተት፣ ከዚያ ውሃ ፍለጋ፣ ከዚያ ምግብ ወደሚታደልበት ቦታ መሄድ፣ ከሰዓት በሞስኮ ጎዳና ወዳለው የካቶሊክ ርዳታ ድርጅት የቀን ማረፊያ። እዚያ ሻይ አለ፣ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። የስልኩ ባትሪ ቀላል ነገር አይደለም፤ እናት አገር ቤት የምትሰማው ድምፅ እሱ ነው። ሌሊቱ ለጭነት መኪና ወይም ለጀልባ ነው። በዚህ ዓይነት ወር አይደለም፣ ዓመት የሚያልፍበት ሰው አለ።

ለሴቶቹ ሌላ በር ተከፍቷል። በ2016 ዮሐንስ ማርቴንስ የተባሉ ቤልጅየማዊ መነኩሴ የጀመሩት የማሪያ ስኮብትሶቫ ቤት ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ እናቶችን ከነልጆቻቸው አስጠግቷል። ቤቱ የተሰየመው በፓሪስ አይሁዳውያንን ደብቀው በ1945 በናዚ ማጎሪያ በሞቱት ኦርቶዶክሳዊት መነኩሲት ነው። አልጋ፣ ወጥ ቤትና የሚቆለፍ በር ያለው ቤት ነው። ካሌ ላይ ለነዋሪ የሚገባው ሁሉ የተሟላበት ሌላ ቦታ ጥቂት ነው።

ለምን ፈረንሳይ አይቀሩም? አገር ቤት የሚጠየቀው ይህ ነው፣ መልሱም ስንፍና ወይም ግትርነት አይደለም። ብዙዎቹ ጣሊያን ላይ አሻራ ሰጥተዋል፤ በአውሮፓ የዳብሊን ደንብ ጉዳያቸው የሚታየው እዚያ ስለሆነ ፈረንሳይ ልትመልሳቸው ትችላለች። ይህን ፈርተው የጣታቸውን ጫፍ በእሳት ያቃጠሉ ነበሩ። እንግሊዝኛ ትንሽ ያውቃሉ፣ ፈረንሳይኛ አያውቁም። ዘመድ ለንደን ወይም ሊድስ አለ። በፈረንሳይ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው እስከ ስድስት ወር መሥራት አይፈቀድለትም፤ ለላጤ የሚሰጠው የቀን ድጎማ 6.80 ዩሮ ነው። ቤት ላልደረሰው ይጨመርለታል፣ ማደሪያው ግን ውጭ ነው።

ግንቡና አጥሩ የጭነት መኪናውን መንገድ ሲያጠብበው ሰዉ ወደ ባሕሩ ዞረ። በ2018 በትንንሽ ጀልባ እንግሊዝ የደረሰው 299 ሰው ነበር፤ በ2022 ከ45 ሺህ በለጠ። ኅዳር 24 ቀን 2021 አንድ የጎማ ጀልባ ሰጠመችና ቢያንስ 27 ሰው ሞተ፤ የዳኑት ሁለት ብቻ ናቸው። ሰዎቹ እየደወሉ አድኑን ሲሉ ፈረንሳዮች ወደ እንግሊዝ፣ እንግሊዞች ወደ ፈረንሳይ ይመሯቸው እንደነበር ከስልክ ቅጂው ታወቀ። ከሞቱት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በእኛ ኅዳር 15፣ ጾመ ነቢያት የገባበት ቀን ነው።

ከ1999 ወዲህ በዚህ ድንበር የሞተው ሰው ከ400 በላይ ነው። አስከሬኑን ማን ያነሣል? ሞት በተሰማ ማግስት የከተማዋ ሰዎችና ስደተኞች ምሽት ላይ በሪሽልዩ መናፈሻ ይሰበሰባሉ፤ የሟቹ ስም ይነበባል። የካሌ በጎ ፈቃደኞች ያቋቋሙት ቡድን ስሙን አጣርቶ ቤተሰብ ያፈላልጋል፣ ከሆስፒታልና ከፖሊስ ጋር ይመላለሳል፣ አስከሬኑ ወደ አገሩ እንዲላክ ወይም በካሌ መቃብር በወጉ እንዲቀበር ገንዘብ ያዋጣል። ከእድር የሚለየው አባሉ ሟቹን በሕይወት አይቶት የማያውቅ መሆኑ ብቻ ነው። የካሌ ሕዝብ ስደተኛ የሚጠላ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይህን የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ምስጋናችን ይገባቸዋል።

ከነሐሴ 2025 ወዲህ ነገሩ እንደገና ተለውጧል። እንግሊዝና ፈረንሳይ በተስማሙት መሠረት በጀልባ የተሻገረ ሰው ተይዞ ወደ ፈረንሳይ ሊመለስ ይችላል፤ በምትኩ ያልተሻገረ፣ በማመልከቻ የተመረጠ ሰው ወደ እንግሊዝ ይወሰዳል። በመስከረም ከተመለሱት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ኤርትራዊ ነበር። እንግዲህ መሻገር እንኳ የካሌን ኑሮ ላይቋጨው ነው።

ቤተሰብ ሲደውል «ተሻገርክ ወይ» ብሎ ብቻ ከመጠየቅ ስለ ወረቀቱ ቢጠይቅ እመርጣለሁ። የዳብሊን ደንብ የሚመለከተው ሰው ፈረንሳይ ውስጥ ጥገኝነት ከጠየቀ በኋላ አሻራ የሰጠበት አገር ልቀበለው ካለበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልተመለሰ ጉዳዩን ፈረንሳይ ትረከበዋለች፤ ከተሰወረ ጊዜው እስከ 18 ወር ይራዘማል። በ2026 እንዲሠራበት የወጣው አዲሱ የአውሮፓ ሕግ ደግሞ ለተሰወረው ሦስት ዓመት ያደርገዋል። ይህን ሳያውቅ ቀጠሮውን የሚያስቀር ልጅ ብዙ ነው፤ የሚሰማው ደላላውን ነውና። ካሌ ላይ በጃንግል ዘመን በአንዲት የእንጨት ጎጆ የተጀመረ የሕግ ምክር አገልግሎት ነበር፤ ዛሬም ማኅበራቱ ይህን ምክር ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። የጀልባው ወንበር ከአንድ ሺህ ዩሮ በላይ ነው።