ድምፃቸው የጠፋ የሎስ አንጀለስ ሳይረኖች

በአሜሪካን አገር በካሊፎርኒያ ክፍል በምትገኘው በሎስ አንጀለስ ከተማ በእግሩ የሚዘዋወር ሰው እምብዛም አይታይም፤ ሁሉም በመኪና ነው። ነገር ግን አንዳንድ ሰዎች መኪናቸውን ዳር አስይዘው ይወርዱና አንገታቸውን ቀና አድርገው አንድ ምሰሶ ትኩር ብለው ሲመለከቱ ይገኛሉ። አላፊ አግዳሚው ወፍ የሚያዩ ይመስለዋል። እነርሱ የሚያዩት ግን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ድምፁን ያላሰማ የዛገ ብረት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን፤ ሰዓቱ ግን የእኛው ነው።)

ይህ ብረት የአየር ወረራ ማስጠንቀቂያ ሳይረን ነው። በከተማይቱ ውስጥ ከ200 በላይ ተተክለው ነበር። አገልግሎታቸው ሲያበቃም ብዙዎቹን የነቀላቸው አልነበረም። ለመንቀል ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ለመተው ግን ምንም አያስፈልግም።

ፈላጊዎቹ እንደየመልካቸው ስም አውጥተውላቸዋል። ጣራ ያለው ሣጥን የሚመስለውን «የወፍ ቤት» ይሉታል። ሁለት ክብ ሰሌዳዎች ላይና ታች ሆነው የሚታዩበት ደግሞ «የሽቦ መጠምጠሚያ» ተብሏል። ዐይኑ ያልለመደ ሰው ከመብራት ምሰሶ አይለየውም፤ ከለመደ በኋላ ግን በየትምህርት ቤቱና በየእሳት አደጋ ጣቢያው አጠገብ፣ በየመንገዱ ማእዘን፣ ሳይፈልገው ይታየዋል። ያገኘ ሰው ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የመንገዶቹን ስም ይጽፋል፤ በካርታም ላይ ምልክት ያደርጋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ምሰሶው ተነቅሎ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ የሚያገኝበት ጊዜም አለ፤ ስለዚህ ነገሩ ጥቂት ያስቸኩላል።

የሳይረን አሠራር ቀላል ነው። ሞተር በዙሪያው መስኮት መስኮት የተበጀለትን ከበሮ ያሽከረክራል፤ ከበሮውም የሚዞረው እንደ እርሱው መስኮት ባለው፣ በማይንቀሳቀስ ሌላ ከበሮ ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ሲገጣጠሙ አየር ይወጣል፤ ሲተላለፉ ይዘጋል። ሞተሩ በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ቢዞርና መስኮቶቹ 8 ቢሆኑ፣ አየሩ በሴኮንድ 480 ጊዜ ተቈራረጠ ማለት ነው፤ ጆሮአችን ይህን እንደ አንድ ድምፅ ይሰማዋል። ሞተሩ ሲነሣ ድምፁ ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚወጣው፣ ሲጠፋም እያቃሰተ የሚወርደው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1952 ዓ.ም. ክራይስለር የተባለው መኪና ሠሪ ኩባንያ የሠራው ሳይረን 180 የፈረስ ጉልበት ባለው ባለ 8 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር የሚንቀሳቀስ ነበር። እንዲህ ያለው ሲጮኽ አጠገቡ የቆመ ሰው ጆሮውን ይዞ ከመሸሽ በቀር ሌላ ዕድል የለውም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጩኸት ለምን አስፈለገ? ጃፓኖች ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 ዓ.ም. ፐርል ሃርበርን ከደበደቡ በኋላ የምዕራቡ ጠረፍ ሕዝብ ተራው የእርሱ መሰለው። የካቲት 23 ቀን 1942 ዓ.ም. አንድ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ በሳንታ ባርባራ አቅራቢያ ያለውን የነዳጅ ዘይት ሥፍራ በመድፍ መታ። በማግሥቱ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሲሆን፣ የሎስ አንጀለስ ሳይረኖች ጮኹ። መብራት ሁሉ ጠፋ። 9 ሰዓት ከ16 ላይ የአውሮፕላን መቃወሚያ መድፎች መተኰስ ጀመሩ፤ ከ1,400 በላይ ጥይት ወደ ሰማይ ተላከ። ሁሉም ሰላም ነው የተባለው ሲነጋ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ21 ነበር።

የወደቀ አውሮፕላን አልተገኘም፤ የተጣለ ቦምብም አልነበረም። ጠላት ሳይመጣ ግን አምስት ሰዎች ሞቱ፤ ከፊሎቹ በጨለማው በደረሰ የመኪና አደጋ፣ ከፊሎቹ ልባቸው ቆሞ።

ጦርነቱ አለቀ፤ ፍርሃቱ ግን አላለቀም። በአቶም ቦምብ ዘመን ሳይረኖቹ በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ለሙከራ ይጮኹ ነበር። ሳይዋዥቅ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚዘልቀው ድምፅ «ንቁ» ማለት ነው፤ ከፍ ዝቅ እያለ ሦስት ደቂቃ የሚጮኸው «ተሸሸጉ» ማለት ነው። በትምህርት ቤት ልጆች ከጠረጴዛቸው ሥር ገብተው ራሳቸውን በእጃቸው መሸፈንን ይለማመዱ ነበር። (ጠላት በዓርብ ቀን ልክ በ4 ሰዓት ቢመጣስ ብሎ የጠየቀ ብልኅ ተማሪ ሳይኖር አይቀርም።) በ1985 ዓ.ም. ይህ ሁሉ ቆመ።

በዚያው ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና አጠገብ ለአጠገብ የተደረደሩት የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ያሉበት ሠፈር በ2002 ዓ.ም. «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በይፋ ተሰይሟል። ከ1985 ወዲህ ወደዚያ የሄደ ያገራችን ሰው እነዚህን ምሰሶዎች የሚያውቃቸው በዝምታቸው ብቻ ነው። ምናልባትም በሥራቸው መኪናውን አቁሞ ይሆናል።

ዛሬ የማስጠንቀቂያው ሥራ በአብዛኛው የተሰጠው ለእጅ ስልክ ነው። ጥር 7 ቀን 2025 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ18 ላይ ከከተማይቱ በስተሰሜን ባለው ተራራ ሥር እሳት ተነሣ። አልታዴና በምትባለው ሠፈር፣ በምዕራብ በኩል ለሚኖሩት ቤታችሁን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ የደረሳቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ25 ገደማ፣ ማለት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያ እሳት ከሞቱት መካከል ከ17 የማያንሱት የዚሁ የምዕራቡ ክፍል ነዋሪዎች ነበሩ። ሳይረን ቢኖር ኖሮ ሁሉም ይተርፉ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሳይረን ለተኛውም ይጮኻል፤ ባትሪው ያለቀ ስልክ ግን ከባለቤቱ ጋር አብሮ ይተኛል።

እሳቱ ከተነሣ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ለአንድ ሠፈር ብቻ የታሰበ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ በስሕተት ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ላለው አውራጃ በሙሉ ተላከ። አደጋ የሌለበት ሰው ሁሉ ደንግጦ ተነሣ። ሹማምንቱም ሕዝቡን፣ እባካችሁ የማስጠንቀቂያውን መልእክት ከስልካችሁ ላይ አትዝጉት እያሉ ይለምኑ ጀመር።