የሌሊት ተረኛ ያለበት ቤት

ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ሊነጋ ሲል፣ ከቁርስ በፊት ለስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን እየሰጠሁ አንዲት እናት አልጋ አጠገብ ደረስኩ። መርፌውን ስቀዳ ሲያዩኝ ቆዩና “ልጄ፣ ዛሬስ አልበዛም?” አሉኝ። ካርዳቸውን መልሼ አየሁት። የታዘዘላቸው 8 ዩኒት ነው፤ እኔ የቀዳሁት 80። ብወጋቸው ኖሮ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ይስቱ፣ ሕይወታቸውም ሊያልፍ ይችል ነበር።

ሥራውን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ። ነገር ግን ቀኑን የእህቴን ልጅ ክርስትና ስናከብር ውዬ፣ ጎኔን ሳላሳርፍ ነበር የገባሁት። ከነቃሁ 24 ሰዓት ሊሞላኝ ነበር።

ድካም እንደ መጠጥ ነው። ተመራማሪዎች ለክተውታል፦ 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይደክማል፤ 24 ሰዓት ሲሞላው ደግሞ 0.10 በመቶ እንዳለበት ሰው ይሆናል። የሰከረ ሰው በሽታውና በአካሄዱ ይታወቃል፤ እንቅልፍ ያጣው ግን “ደህና ነኝ” ብሎ ሥራ ይገባል። በተለይ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ሰውነት እንቅልፍ ይፈልጋል፤ ዓይን ሳይታወቅ ለጥቂት ሰከንድ ሊከደን ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ4 ሰከንድ 90 ሜትር ያህል ይጓዛል። የመቁረጫ ማሽን ፊት ለቆመ ልጅ አንድ ሰከንድም ጣት ለማጣት ይበቃል።

አሠሪው የራሱ ግዴታ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። ሠራተኛው የሚተኛው ግን እኛ ቤት ነው።

እኛስ ምን እናደርጋለን? ከፋብሪካ ወይም ከጥበቃ አድሮ የመጣውን ልጅ ቡና ሲፈላ “ተነሥ እንጂ” እንለዋለን። ለቅሶ ሲኖር “ብቅ በል”፣ የቀበሌ ጉዳይ ሲኖር “ተሰለፍልን” እንላለን። ሲያንቀላፋ ደግሞ “ሰነፍ” ብለን እንሰድበዋለን። አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የቀን እንቅልፍ ደግሞ በብርሃንና በጫጫታ ቶሎ ይቆራረጣል።

ስለዚህ መጋረጃውን ዝጉለት፤ ሬዲዮውን ቀንሱ፤ ልጆቹን ግቢ አጫውቱ። ሥራ ከመግባቱ በፊት አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጋደም ይበል። ቡና በተረኝነቱ መጀመሪያ ይጠጣ፤ ሊነጋ ሲል ከጠጣ ቤት ሲደርስ እንቅልፍ ይነሳዋል። ቡናም ሆነ ጫት ድካምን ይደብቃሉ እንጂ እንቅልፍን አይተኩም። ሾፌር ከሆነና ዓይኑ ከከበደው፣ መኪናውን ደህና ቦታ አቁሞ 20 ደቂቃ ያሸልብ። ሌሊት እያንኮራፋ ትንፋሹ ቁርጥ የሚልና ቀን የሚያንቀላፋ ካለ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ ተረኛ ሆኜ ባደርኩ ቁጥር ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ “ተኝታለች” እያለ እንግዳ ይመልስ ነበር። የተቀየሙን ነበሩ። በሚቀጥለው እሑድ ቡና አፍልተን ታረቅን።